«አልፈቅድም» ያላለ እንደፈቀደ ይቆጠራል፦ አውሮፓና የኢንተርኔት በር

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲወራ ስማቸው የሚነሣው አሜሪካና ቻይና ናቸው። አውሮፓ ከተነሣች «ሌሎች ይሠራሉ፣ እሷ ሕግ ታወጣለች» ተብሎ ይቀለድባታል። ቀልዱ ከእውነት የራቀ አይደለም። ነገር ግን አንድ ኩባንያ የእናንተን ጽሑፍ፣ የጋዜጣውን ዜናና የሠዓሊውን ሥራ ሰብስቦ ማሽን ሊያስተምርበት ይችላል ወይ የሚለውን ጥያቄ በግልጽ ሕግ ከመለሱት ጥቂት የዓለም ክፍሎች አንዷ አውሮፓ ናት። የመለሰችውም በ2019 ነው፤ ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ከመቅረቡ ከሦስት ዓመት በፊት፣ አደባባዩ ሁሉ በሌላ አንቀጽ ሲጯጯህ።

ይህ እንዴት እንደሆነ ለመረዳት 30 ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 ስጦታው

ዌብ የተወለደው ጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለ የፊዚክስ ምርምር ተቋም ነው። እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ ሐሳቡን በ1989 ለአለቆቹ አቀረበ። ሚያዝያ 30 ቀን 1993 ደግሞ ሰርን የዌብን ሶፍትዌር ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት፣ እንዲቀዳውና እንዲያሻሽለው ለሕዝብ ለቀቀ።

የዚህን ውሳኔ ክብደት ለማየት በዚያው ዓመት ተፎካካሪው የደረሰበትን ማስታወስ ይበቃል። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ «ጎፈር» የሚባል ተመሳሳይ ሥርዓት ነበረው፤ በዚያን ጊዜም ተወዳጅነቱ ቀላል አልነበረም። ዩኒቨርሲቲው በ1993 መጀመሪያ ላይ ከአንዳንድ የሰርቨር ተጠቃሚዎች ክፍያ እጠይቃለሁ አለ። ሰዉ ደነገጠ፣ ፊቱንም ወደ ዌብ አዞረ። ጎፈርን ዛሬ የሚያስታውሰው የታሪክ ሰው ብቻ ነው። ዌብን ዌብ ካደረጉት ነገሮች አንዱ እንግዲህ «የኔ ነው» ማለት የሚችል አካል «የሁሉም ይሁን» ማለቱ ነው።

🔹 ሁለት ሕጎች፣ ሁለት መንፈሶች

የአውሮፓ ኅብረት በ2000 የኤሌክትሮኒክ ንግድ መመሪያን አወጣ። በዚህ መመሪያ መሠረት የሰዎችን ጽሑፍና ምስል የሚያስተናግድ ድርጅት፣ ሕገ ወጥ ነገር መኖሩን እስካላወቀና ሲያውቅ እስካነሣ ድረስ አይጠየቅም። መንግሥታትም «የሚጫነውን ሁሉ ቁጭ ብለህ ተቆጣጠር» ብለው ሊያስገድዱት አይችሉም። ማንም ሰው ፈቃድ ሳይጠይቅ መጻፍ የሚችልበት ኢንተርኔት በአውሮፓ የቆመው በዚህ ምሰሶ ላይ ነው።

በዓመቱ የወጣው የ2001 የቅጂ መብት መመሪያ ግን መንፈሱ ሌላ ነበር። መብቱን ለባለመብቱ በሰፊው ሰጠ። ለአስተማሪ፣ ለቤተ መጻሕፍትና ለተመራማሪ የሚሆኑትን ልዩ ፈቃዶች ግን ከአንዷ በስተቀር ለየአገሩ ምርጫ ተወ። ስለዚህ በአንድ አገር የተፈቀደው ድንበር ሲሻገር ወንጀል ሊሆን ቻለ። ከዚያ ወዲህ የአውሮፓ የኢንተርኔት ታሪክ የእነዚህ የሁለቱ ሕጎች ትግል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

🔹 መጻሕፍቱን ማን ይቅዳ?

በ2004 መጨረሻ ጉግል የታላላቅ ቤተ መጻሕፍትን መጻሕፍት በሚሊዮኖች ስካን እንደሚያደርግ አስታወቀ። ፓሪስ ተቆጣች። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ዣን ኖኤል ዣነኔ የአውሮፓን ቅርስ ለአንድ የአሜሪካ ኩባንያ የፍለጋ ሥርዓት መተው አደገኛ ነው ብለው ጻፉ። በ2005 ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክና አምስት የሌሎች አገራት መሪዎች የአውሮፓ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ይቋቋም ብለው ለኅብረቱ ደብዳቤ ላኩ።

ውጤቱ ኤውሮፒያና ነው። ኅዳር 20 ቀን 2008 ተመረቀ፤ በዚያው ቀን ወደቀ። በሰዓት 5 ሚሊዮን ጥያቄ ሲጠበቅ 10 ሚሊዮን ያህል መጣና ሰርቨሩ ተዘጋ። ብዙዎች ሳቁ። እኔ ግን ከዚያ ውድቀት የማነበው ሌላ ነገር ነው፤ ሕዝቡ የራሱን ቅርስ ለማየት ይህን ያህል ተርቦ ነበር። ኤውሮፒያና ተጠግኖ ተመለሰ፣ በ2012ም ከ20 ሚሊዮን በላይ ለሆኑ ቅርሶች የተጻፈውን መግለጫ ማንም ለፈለገው ዓላማ እንዲጠቀምበት ያለ ምንም ገደብ ለቀቀ።

🔹 አደባባዩ ሲሰማ

ጉዳዩ ከቢሮ ወጥቶ አደባባይ የደረሰው ከ2011 ወዲህ ነው። የኔዘርላንዱ የቴሌኮም ኩባንያ ኬፒኤን ደንበኞቹ አጭር መልእክት ትተው ወደ ዋትስአፕ ሲሸሹበት ገቢው ቀነሰ። ስለዚህ ዋትስአፕና የኢንተርኔት ስልክ የሚጠቀም ተጨማሪ ይክፈል አለ። ሕዝቡ ተነሣ። የተወካዮች ምክር ቤቱም በዚያው ዓመት «የመስመሩ ባለቤት በመስመሩ ውስጥ የሚያልፈውን አይመርጥም» የሚል ሕግ አጸደቀ፤ በ2012 ሕጉ ተጠናቀቀ። ኔዘርላንድ ከቺሊ ቀጥላ በዓለም ሁለተኛ ሆነች። በ2015 መርሁ በመላው ኅብረት ደንብ ሆነ።

በ2012 መጀመሪያ ደግሞ አክታ የተባለው የጸረ ሐሰተኛ ምርት ስምምነት መጣ። ድርድሩ ለዓመታት በዝግ በር የተካሄደ ነበር። ኅብረቱና 22 አባል አገራት ጥር 26 ቀን ቶኪዮ ላይ ፈረሙ። የፖላንድ ወጣቶች በዚያ ብርድ አደባባይ ወጡ፣ የፓርላማ አባላት ሳይቀሩ ጭምብል አጥልቀው ተቃወሙ፣ ሰልፉም ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። ሐምሌ 4 ቀን የአውሮፓ ፓርላማ ስምምነቱን በ478 ድምፅ ጣለው፤ የደገፉት 39 ብቻ ነበሩ።

🔹 2019፦ ጩኸቱና ዝምታው

የታሪኩ ወገብ እዚህ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2016 አዲስ የቅጂ መብት መመሪያ አቀረበ። እሳቱን የለኮሰው አንቀጽ 13 (በመጨረሻው ጽሑፍ አንቀጽ 17) ነው። ዩቲዩብን የመሰሉ መድረኮች ተጠቃሚዎች ለሚጭኑት ነገር በቀጥታ እንዲጠየቁ ያደርጋል። የሙዚቃና የፊልም ሰዎች «በእኛ ሥራ የሚከብሩት ይክፈሉን» አሉ፤ ጥያቄያቸው ሐሰት አልነበረም። ተቃዋሚዎች ደግሞ «ይህ ማለት ሁሉን የሚፈትሽ ማጣሪያ ማሽን ማለት ነው፣ ቀልድና ትችትም አብሮ ይታነቃል» አሉ፤ ፍርሃታቸውም ሐሰት አልነበረም።

የጣልያንኛው ውክፔዲያ በሐምሌ 2018 ራሱን ዘጋ። የጀርመንኛው መጋቢት 21 ቀን 2019 ለአንድ ቀን ጠቆረ። ከሁለት ቀን በኋላ በጀርመን ከተሞች በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተሰለፈ። መጋቢት 26 ቀን ፓርላማው 348 ለ274 አጸደቀው። ከዚያ ቀደም ብሎ አንቀጾቹን አንድ በአንድ ለመምረጥ የቀረበው ሐሳብ በአምስት ድምፅ ብቻ፣ 312 ለ317 ወደቀ። ከምርጫው በኋላ በርካታ ተወካዮች የተሳሳተ ቁልፍ እንደተጫኑ አስመዘገቡ። የእርማቱ መዝገብ እንደሚያሳየው ሁሉም እንዳሰበው ቢጫን ሐሳቡ ያልፍ ነበር፤ ውጤቱ ግን በእርማት አይለወጥም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከአንቀጽ 13 ጎን ሁለት ጸጥተኛ አንቀጾች አብረው አለፉ። አንቀጽ 3 የምርምር ተቋማትና የባህል ቅርስ ተቋማት በሕጋዊ መንገድ የደረሱበትን ጽሑፍና ዳታ ለሳይንሳዊ ምርምር በማሽን እንዲመረምሩ ፈቀደ። አንቀጽ 4 ያንኑ ለማንኛውም ሰው፣ ለነጋዴውም ጭምር ፈቀደ፤ ባለመብቱ ማሽን ሊያነበው በሚችል መንገድ «አልፈቅድም» ብሎ ካላስታወቀ በስተቀር።

ከዚህ አንቀጽ ጋር ቆም በሉ። ዋናው ደንብ ፈቃድ ነው፤ ክልከላው በባለቤቱ ላይ የተጣለ ሥራ ነው። የእኛ ሰው «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላል። በዚህ ሕግ ግን በሩ ላይ ምልክት ያልለጠፈ ሰው ቤት ማንም ይገባል።

ኅዳር 30 ቀን 2022 ቻትጂፒቲ ወጣ፤ ያ ጸጥተኛ አንቀጽም የዘመኑ ትልቅ ጥያቄ መልስ ሆኖ ተገኘ። በ2024 የጸደቀው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ በላዩ ላይ ገነባ። ትላልቅ ሞዴሎችን የሚሠሩ ኩባንያዎች «አልፈቅድም» ያሉትን የሚያከብሩበት ፖሊሲ እንዲኖራቸውና ማሽኑ የተማረበትን ይዘት ማጠቃለያ ለሕዝብ እንዲያወጡ አዘዘ። የሕጉ መግቢያ እንደሚለው ማሽኑ የትም አገር ይሠልጥን፣ አውሮፓ ገበያ ላይ ከዋለ ግዴታው ይከተለዋል። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የሃምቡርግ ፍርድ ቤት አንድ ፎቶ አንሺ ለሞዴል ማሠልጠኛ የሚሆን የምስል ስብስብ ባዘጋጀው ላዮን በተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ላይ ያቀረበውን ክስ፣ ሥራው የምርምር ፈቃዱ ውስጥ ይወድቃል ብሎ ውድቅ አደረገ።

🔹 እኛስ የት ነን?

ይህ የሩቅ አገር ወግ የሚመስለው ካለ ሁለት ነገር ልጥቀስ።

አንደኛው፣ በ1932 በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ ቡድን ከጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችን አንሥቶ ፓሪስ ወሰደ፤ በቦታቸው ቅጂ ተተካ። ሥዕሎቹ ዛሬ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። በ2019ኙ መመሪያ አንቀጽ 14 የሚባል ሌላ ጸጥተኛ አንቀጽ አለ፦ የመብት ዘመኑ ያለፈ የሥዕል ሥራን እንዳለ የሚያሳይ ቅጂ አዲስ የባለቤትነት መብት አይወልድም። ጥቅሙ ቀላል አይደለም። መመሪያው ከመጽደቁ ከሦስት ወር በፊት የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት የማንሃይም ሙዚየም ለአሮጌ ሥዕሎቹ ፎቶ ጥበቃ አለው ብሎ፣ ምስሎቹን ውክፔዲያ ላይ በጫነው ሰው ላይ ፈርዶ ነበር። አንቀጽ 14 ያንን በር ዘጋ። ስለዚህ የአንድ ጎንደሬ ሠዓሊን ሥራ ፎቶ ያነሣ ሁሉ «ምስሉ የኔ ነው» ሊል አይችልም። ነገር ግን ምስሉ ክፍት መሆኑ ሥዕሉ ተመለሰ ማለት አይደለም፤ ምን ስካን ይደረግ፣ እንዴት ይቀመጥ የሚለውንም የሚወስነው አሁንም ዕቃው በእጁ ያለ ነው።

ሁለተኛው፣ አማርኛችን። የእኛ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በእኛ አቆጣጠር) ስለ ማሽን ማሠልጠን የሚለው የለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከአውሮፓው ሕግ ጋር በብዙ የሚመሳሰል ቢሆንም የሚጠብቀው የግለሰብን መረጃ እንጂ የደራሲን ድርሰት አይደለም። አውሮፓ ደግሞ «ምልክት ለጥፍ» ትላለች። የራሱ ድረ ገጽ ያለው ጋዜጣ ለማሽኖች የሚነበበውን ትንሽ ፋይል አስቀምጦ መከልከል ይችላል። የቴሌግራም ቻናል ባለቤት ግን ገጹ የራሱ ስላልሆነ ያንን ማድረግ አይችልም። አሁን የምታነቡት ጽሑፍም እንዲሁ።

ታዲያ ሁላችንም በሩን እንዝጋ? አይመስለኝም። በዲጂታል ዓለም ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ጥቂት ነው። ያንኑ ብንቆልፍበት ማሽኖቹ አማርኛን መናገራቸውን አይተዉም፤ ከተገኘው ፍርፋሪ ተምረው የተሰባበረ አማርኛ ይመልሱልናል፣ ልጆቻችንም ከእነሱ ይማራሉ። ሰርን በሩን ባይከፍት ዌብ አይኖርም ነበር። ልዩነቱ ሰርን የከፈተው ዐውቆ መሆኑ ነው። እኛ የተከፈትነው ሳንጠየቅ ነው።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ጋዜጦች፣ አሳታሚዎችና ደራስያን ማኅበሮች በየገጻቸው ላይ ውሳኔያቸውን ይጻፉ፤ የፈቀደም ፈቅጃለሁ፣ ያልፈቀደም አልፈቅድም ይበል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን መብት ያለፈባቸውን የአማርኛና የግእዝ ጽሑፎች በራሳቸው ሰርቨር፣ በራሳቸው መግለጫ ያውጡ። ሕግ አውጪዎቻችን ደግሞ የአውሮፓን አንቀጽ እንዳለ ከመቅዳታቸው በፊት አንቀጽ 4ን ደግመው ያንብቡ፤ ምልክት መለጠፊያ የራሱ በር ለሌለው ጸሐፊ የሚሆን መንገድ የለበትም።

በ2019 አውሮፓ ውስጥ የጮኹት ስለ አንቀጽ 13 ጮኹ፣ የዛሬን ጥያቄ የወሰነው ግን አንቀጽ 4 ሆነ። እኛ ጋ ረቂቅ ሲመጣ ጸጥተኞቹን አንቀጾች ቀድሞ የሚያነብ ሰው ይኑረን።