ዘግይቶ የመጣ ጭብጨባ

በጁላይ 1974 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በተደረገው የዊምብልደን ፍጻሜ የለንደን ተመልካች ልቡን የሰጠው ለኬን ሮዝዎል ነበር። አውስትራሊያዊው አንጋፋ 39 ዓመቱ ነው። ከ1954 ጀምሮ ሦስት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ ሦስቱንም ጊዜ ዋንጫውን ሳያነሳ ተመልሷል፤ ይህ አራተኛው ነው፤ ሌላ ዕድል እንደማይኖረው ሁሉም ያውቃል። ከመረቡ ማዶ የቆመው የ21 ዓመቱ አሜሪካዊ ጂሚ ኮነርስ ግን ጨዋታውን 6-1፣ 6-1፣ 6-4 ጨረሰው። ከሁለት ወር በኋላ በዩኤስ ኦፕን ፍጻሜ እንደገና ሲገናኙማ ባሰ፤ ሮዝዎል በሦስቱም ዙር ተደምሮ ያገኘው ሁለት ጌም ብቻ ነው።

ያ ርኅራኄ የማያውቅ ወጣት ከ17 ዓመት በኋላ በተራው 39 ዓመት ሲሞላው፣ የቴኒስ ተመልካች ለአንድ አንጋፋ ከሰጣቸው ድጋፎች ሁሉ የበረታውን ለማየት በቃ።

አንጋፋን መደገፍ በቴኒስ የቆየ ልማድ ነው። አደጋገፉ ግን ለረጅም ዘመን ጭምት ነበር። ጨዋታው የክበብ አባላት ጨዋታ በመሆኑ ነጥቡ እስኪያልቅ ዝም ማለት፣ ሲያልቅ ለስለስ አድርጎ ማጨብጨብ፣ ሰው ሲሳሳት አለመደሰት ደንቡ ነበር። ስሜት ገንፍሎ ከወጣባቸው ቀናት አንዱ በ1969 የመጣው እዚያው ዊምብልደን ላይ ነው። የ41 ዓመቱ ፓንቾ ጎንዛሌስ ከ25 ዓመቱ ቻርሊ ፓሳሬል ጋር ገጥሞ የመጀመሪያውን ዙር 24 ለ22 ተሸነፈ። ሲመሽ ኳሷ አትታየኝም፣ ጨዋታው ይቁም ብሎ ቢለምን ሰሚ አጣ። በንዴት ሁለተኛውን ዙር 6 ለ1 ለቅቆ ከሜዳ ሲወጣ ተመልካቹ አጉረመረመበት፣ ጮኸበት። በማግስቱ ተመልሶ ግጥሚያውን ሊያበቁ ከሚችሉ ሰባት ነጥቦች አምልጦ የቀሩትን ሦስት ዙሮች 16-14፣ 6-3፣ 11-9 ወሰደ። በአጠቃላይ 112 ጌም፣ 5 ሰዓት ከ12 ደቂቃ። ትናንት የጮኸበት ሕዝብ ቆሞ አጨበጨበለት። እኩል ለእኩል የሆነ ዙር በአጭሩ የሚዘጋበት ታይብሬክ የሚባለው ደንብ ለመምጣቱ አንዱ ምክንያት ይኸው ግጥሚያ ነው፤ ዩኤስ ኦፕን በ1970፣ ዊምብልደን በ1971 ሥራ ላይ አዋሉት።

ኮነርስ በደጉ ዘመኑ እንዲህ ያለ ፍቅር አላየም። በኢሊኖይ ግዛት እናቱ ግሎሪያ ራሳቸው ያሠለጠኑት ይህ ግራኝ ለ160 ተከታታይ ሳምንታት የዓለም አንደኛ ሆኖ ቆይቷል፤ ዩኤስ ኦፕንን አምስት ጊዜ አሸንፏል። ይከበር ነበር፣ ይፈራም ነበር፤ የሚወደው ግን ጥቂት ነው። በ1977 በኒው ዮርክ፣ ፎረስት ሂልስ በተካሄደው የዩኤስ ኦፕን የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ ጣሊያናዊው ኮራዶ ባራዙቲ ኳሷ አፈሩ ላይ የተወችውን ምልክት ዳኛው እንዲያይለት ሲጠይቅ፣ ኮነርስ መረቡን ዞሮ እየሮጠ ሄደና ምልክቱን በጫማው አጠፋው። በገዛ አገሩ ሕዝብ በፉጨት ተወገዘ። በፍጻሜው አርጀንቲናዊው ጊዬርሞ ቪላስ ሲያሸንፈው ደግሞ ደጋፊዎች ሜዳ ገብተው ቪላስን በትከሻቸው ተሸከሙት።

በዓመቱ ውድድሩ ከፎረስት ሂልስ ክበብ ወጥቶ እዚያው ኩዊንስ በሚባለው የኒው ዮርክ ክፍል ውስጥ ወዳለው ፍላሺንግ ሜዶውስ ተዛወረ። ይህ ዝውውር ከሚገመተው በላይ ነገሩን ለውጧል። አዲሱ ማዕከል የከተማው ሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ነው፤ ያኔ ዋናው ሜዳ በሉዊስ አርምስትሮንግ ስም የተሰየመ ትልቅ ስታዲየም ነበር። ላጓርዲያ ኤርፖርት ቅርብ በመሆኑ የአውሮፕላን ድምፅ አይጠፋም ነበር። ሰዉ በሥራ ልብሱ ከባቡር ወርዶ ለምሽቱ ጨዋታ ይገባል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ተጫዋቹን በስሙ ጠርቶ ይጮኻል። ለመጮኽ የተዘጋጀ ሕዝብ ነበር፤ የጎደለው የሚጮኽለት ሰው ነው።

ሰውየው የተገኘው ሁሉ ነገር ከወደቀ በኋላ ነው። በ1990 የኮነርስ የግራ እጅ አንጓ ተጎዳ፤ ያን ዓመት ሦስት ግጥሚያ ብቻ ተጫውቶ ሦስቱንም ተሸነፈ፤ አንጓው በቀዶ ሕክምና ተጠገነ። የዓለም ደረጃው 936ኛ ድረስ ወረደ። በ1991 በፓሪስ ከ19 ዓመቱ ማይክል ቻንግ ጋር ገጥሞ አራተኛውን ዙር አሸነፈና ሁለት ለሁለት አደረገ፤ የአምስተኛውን ዙር የመጀመሪያ ነጥብም ወሰደ። ከዚያ ጉልበቱ ከዳው። በቃኝ ብሎ ከሜዳ ሲወጣ ፓሪስ ቆማ ሸኘችው።

በኦገስት መጨረሻ ለዩኤስ ኦፕን ኒው ዮርክ የገባው በ174ኛ ደረጃና በአዘጋጆቹ ልዩ ግብዣ ነው። በመጀመሪያው ምሽት ፓትሪክ ማክኤንሮ ሁለት ዙር ወስዶበት በሦስተኛውም 3 ለ0 ይመራ ነበር። ነገሩ አልቋል ያለው ብዙ ሰው ወደ ቤቱ ሄደ። የቀሩት አልተነሡም። ኮነርስ አንድ ጌም አገኘ፣ ሌላም ጨመረ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንድ ሰዓት አልፎ ሲያሸንፍ የጸኑት ደጋፊዎች ቁጥራቸውን በማይመጥን ድምፅ ስታዲየሙን ሞሉት። በማግስቱ ከተማው ሁሉ ስለ እሱ ያወራ ጀመር።

ሴፕቴምበር 2፣ በሠራተኞች ቀን፣ 39 ዓመቱን በደፈነበት ዕለት የገጠመው የ24 ዓመቱ አሮን ክሪክስታይን ነው። በአምስተኛው ዙር ክሪክስታይን 5 ለ2 ይመራ ነበር። ኮነርስ ከዚያ ተነሥቶ ግጥሚያውን በታይብሬክ ወሰደ፤ 4 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ፈጀ። በመሀል በአንድ ውሳኔ ተቆጥቶ ዋናውን ዳኛ ጸያፍ ስድብ ሰደበ፤ በዚህ ዕድሜዬ እየለፋሁ እንዲህ ታደርገኛለህ ሲልም ጮኸበት። በ1977 በፉጨት ያወገዘው የኒው ዮርክ ሕዝብ አሁን አብሮት ዳኛው ላይ ተነሣ። ይህ የሚያስመሰግን አልነበረም፤ ሊደበቅም አይገባም።

ድጋፉ ስሜት ብቻ አልነበረም፤ ሜዳው ላይ ሥራ ይሠራ ነበር። ኮነርስ ነጥብ ባገኘ ቁጥር ጡጫውን እያወዛወዘ ወደ ሕዝቡ ይዞራል፤ ጩኸቱ ይነሣል፤ ጩኸቱ እስኪበርድ ቀጣዩ ሰርቭ አይመታም። በዚያች ፋታ የ39 ዓመቱ ሳንባ አየር ይስባል፤ የወጣቱ ክንድ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ኮነርስ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ደጋፊውም ያውቅ ነበር ማለት ይቻላል፤ ድምፁን ሆን ብሎ ያረዝምለት ነበርና።

በሩብ ፍጻሜው ቦሪስ ቤከርን ከውድድሩ ያስወጣው ሆላንዳዊው ፖል ሃርሁስ አንደኛውን ዙር ወስዶ፣ ሁለተኛውን ለመዝጋት 5 ለ4 እየመራ ሰርቭ ያደርጋል። መረቡ አጠገብ ቆሞ ኳሷን ከላይ ወደ ታች አራት ጊዜ በኃይል መታት። አራቱንም ጊዜ ኮነርስ ከሜዳው ጀርባ፣ ከአጥሩ ሥር ሳይቀር እየሮጠ ከፍ አድርጎ መለሳት። በመጨረሻ ወደ ፊት መጣና ራሱ በመስመሩ ጥግ አሳልፎ መታት። ሃርሁስ ያን ዙር አጣ፤ ግጥሚያውም ከእጁ ወጣ።

በግማሽ ፍጻሜው የ21 ዓመቱ ጂም ኩሪየር 6-3፣ 6-3፣ 6-2 አሰናበተው። ጩኸቱ አልቀነሰም፤ ኩሪየር ግን አልሰማውም፣ ወይም እንዳልሰማ ሆኖ ተጫወተ። ዋንጫውን ያነሳው ስዊድናዊው ስቴፋን ኤድበርግ ነው፤ ያን ዓመት የሚያስታውስ ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠራው የኮነርስን ስም ነው።

በኒው ዮርክ ልማዱ ቀጠለ። በ2006 የ36 ዓመቱ አንድሬ አጋሲ በታመመ ወገቡ፣ በመርፌ ታግዞ፣ ማርኮስ ባግዳቲስን በአምስት ዙር ሲያሸንፍና በቀጣዩ ግጥሚያ በቤንጃሚን ቤከር ሲሸነፍ ሕዝቡ ተነሥቶ ለረጅም ደቂቃዎች አጨበጨበለት። አጋሲ እያለቀሰ ሕዝቡን አመሰገነ። በልብስ መቀየሪያው ክፍል ተጫዋቾቹም አጨበጨቡለት፤ በግለ ታሪኩ እንደጻፈው፣ እጁን አጣጥፎ ቆሞ ያላጨበጨበው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ያኔ የአንዲ ሮዲክ አሠልጣኝ የነበረው ኮነርስ ነው።

ሕዝብ አንዱን ሲሸከም ከመረቡ ማዶ የቀረው ሰው ዋጋ ይከፍላል። ክሪክስታይን ከኮነርስ ጋር አብሮ የሚለማመድ ወዳጁ ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ወዳጅነታቸው ቀዘቀዘ፣ ለዓመታትም ብዙ አልተነጋገሩም። ሽንፈቱ ግን ሊረሳ አልቻለም፤ ኒው ዮርክ ላይ ዝናብ ጨዋታ ባቋረጠ ቁጥር የአሜሪካ ቴሌቪዥን ያንኑ ግጥሚያ እየደጋገመ ያሳይ ነበር። በሙያው ጥሩ ስም የነበረው፣ አምስት ዙር በሚፈጁ ጨዋታዎች ጽናቱ የሚታወቅ ሰው፣ ስሙ የሚነሣው በተሸነፈባት አንዲት ቀን ሆነ። በፌብሩዋሪ 2015 በፍሎሪዳ፣ ደልሬይ ቢች፣ ሁለቱ ለወዳጅነት ግጥሚያ እንደገና ተገናኙ። ኮነርስ 62 ዓመቱ ነበር፤ አሁንም አሸነፈ።