«ዘብ» እና «ውርስ»፦ ከኬንያ የወጡት መዛግብት

«ቃል ይረሳል፣ መጽሐፍ ይወረሳል» ይላሉ አበው። የምሥራቅ አፍሪካ ታሪክ ግን መጽሐፉም ወራሹ እጅ ሳይደርስ የሚቀርበት ጊዜ እንዳለ ያሳያል።

ኬንያ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1963 ነፃነቷን ስታውጅ፣ አዲሱ መንግሥት ቢሮዎቹን ከነጠረጴዛቸው ተረከበ። ከመዛግብቱ የደረሰው ግን ተመርጦ የተተወለት ብቻ ነበር። በ1961 የብሪታንያ የቅኝ ግዛት ሚኒስትር ኢየን ማክሊዮድ፣ መንግሥታቸውን ሊያሳፍር ወይም ፖሊሶችንና ጠቋሚዎችን ሊያጋልጥ የሚችል ሰነድ ለተተኪው መንግሥት እንዳይተላለፍ አዘው ነበር።

በዚህም መሠረት የናይሮቢ ፋይሎች ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን «ዎች»፣ ማለትም «ዘብ»፤ ሁለተኛው «ሌጋሲ»፣ ማለትም «ውርስ» ተባለ። የ«ዘብ»ን ፋይል መያዝ የሚችለው የአውሮፓ ዝርያ ያለው የብሪታንያ ተገዢ ብቻ ነበር። ነገ ቢሮውን የሚረከበው አፍሪካዊ ሠራተኛ ግን እንዲህ ያለ ፋይል መኖሩን እንኳ እንዳያውቅ ተደረገ። ከፊሉ ሰነድ ተቃጠለ፤ አመዱም ሳይቀር እንዲደቅ መመሪያ ወጣ። 1,500 ያህል ፋይሎች በ300 ሣጥኖች ታሽገው ወደ እንግሊዝ ተጫኑ። ኬንያ ከ1967 ጀምሮ ደጋግማ ብትጠይቅም አልተመለሱላትም።

ጉዳዩ የወረቀት ብቻ አልነበረም። በ1952 በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በማው ማው ስም ታስረው የተሠቃዩ ኬንያውያን፣ በ2009 ለንደን ላይ ክስ ሲመሠርቱ በስተርጅና ላይ ነበሩ። የታሪክ ምሁሩ ዴቪድ አንደርሰን ስለ ጠፉት መዛግብት ለፍርድ ቤቱ ካስረዱ በኋላ፣ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በጃንዋሪ 2011 ሣጥኖቹ ሃንስሎፕ ፓርክ በተባለው መጋዘኑ መገኘታቸውን አመነ። በጁን 2013 የብሪታንያ መንግሥት መጸጸቱን ገልጾ፣ ለ5,228 ሰዎች ጉዳይ 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ። ብዙዎች ግን ያን ቀን ሳያዩ አልፈዋል።

ነገሩን እንዲያጣሩ የተሾሙት አንቶኒ ኬሪ የደረሱበት ደግሞ ለማንኛውም መሥሪያ ቤት ትምህርት ነው። ሠራተኛ በሠራተኛ ሲተካ ስለ መጋዘኑ የነበረው ዕውቀት ደብዝዟል፤ የሚያውቁትም ቢሆኑ «ተራ የአስተዳደር ወረቀት ነው» የሚለውን የቀደምቶቻቸውን ቃል መቀበሉ ቀሏቸዋል። ዕውቀትን ከባለቤቱ የሰወረው ቢሮ፣ ውሎ አድሮ ከራሱም ሰወረው። «ዘብ» የቆመለትን ረሳ፤ «ውርስ» የተባለውም ጎዶሎ ሆኖ ቀረ።