አቃቂ ቃሊቲ፤ ከፕላን ቀድሞ የተቈረቈረ ሰፈር

የአንድን ከተማ ታሪክ ከፕላኑ ብቻ የሚመረምር ሰው፥ ሰፈር ከፕላን ቀድሞ የሚቈረቈርበት ጊዜ እንዳለ ይዘነጋል። በአዲስ አበባ ደቡብ ጠርዝ የሚገኘው አቃቂ ቃሊቲ ለዚህ በቂ ምስክር ነው።

ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በአቃቂ በኩል አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሐዲዱንና ወንዙን ተከትለው የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ተተከሉ፤ ሠራተኛውም በዙሪያቸው ሰፈረ። በ1940ዎቹ መጨረሻ እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ፥ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ፈረንሳዊው ደ ማሪየን ለአዲስ አበባ ፕላን ሲያወጡ፥ ሐዲዱ የአቃቂን ዕጣ አስቀድሞ ወስኖ ነበር።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የከተማን ቦታ ሁሉ የመንግሥት ንብረት ባደረገ ጊዜ፥ አስፈጻሚው ሚኒስቴር ብርቱ ሥልጣን አገኘ። ዛሬ ግን በአዋጅ ቍጥር 574/2000 መሠረት ፕላኑን የሚያዘጋጀው ከተማው ራሱ ሲሆን፥ የሚኒስቴሩ ዋና ድርሻ ደረጃና መመሪያ ማውጣት ነው።

ችግሩም ከዚህ ላይ ይጀምራል። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉ ከአቃቂ ጕድጓዶች ይቀዳል፤ የከተማዪቱና የፋብሪካዎቹ ፍሳሽም በወንዞቹ ወደዚያው ይወርዳል። ውሃው የከተማና የክልል ወሰን አያውቅም፤ ፕላኑ ግን ከወሰኑ ላይ ያበቃል። ወሰኑን ለመሻገር የታሰበው የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ፕላን፥ ገበሬው መሬቱን ያጣል ተብሎ ብርቱ ተቃውሞ ስለ ተነሣበትና የብዙ ሰው ሕይወት ስለ ጠፋበት፥ በ2008 ዓ.ም. ተሰረዘ።

እንግዲህ ከወሰኑ ወዲህና ወዲያ ያሉትን፥ ውሃውን የሚጠጣውንና መሬቱን የሚያርሰውን፥ አስቀድሞ ሰብስቦ የማስማማት ኃላፊነት የፌዴራሉ ሚኒስቴር ነው። ይህ ካልሆነ ፕላን እንደ ቀድሞው ከሰፈር ኋላ ሲከተል ይኖራል።