የጃይፑር እግር

የሰው ሠራሽ እግር ታሪክ ሲጻፍ የሐኪሞች ስም ይበዛበታል። እኔን ግን ይበልጥ የሚስበኝ በሕንድ የጃይፑር ከተማ የእጅ ባለሙያ የነበረው፣ በቀለም ትምህርት ብዙም ያልገፋው ራም ቻንድራ ሻርማ ነው።

በዚያ ዘመን ከምዕራብ አገር የመጣውን ሰው ሠራሽ እግር የተቀበለ ገበሬ ጥቂት ሞክሮ ይጥለው ነበር። እግሩ ያለ ጫማ አይሆንም፤ ቁርጭምጭሚቱም እንደ ልብ አይታዘዝም። ባለቤቱ ደግሞ በባዶ እግሩ ጭቃ እየረገጠ የሚያርስ፣ መሬት ላይ እግሩን አጣጥፎ የሚበላ፣ ቁጢጥ ብሎ የሚጸዳዳ ሰው ነው። ወንበር ላይ ለሚውል ሰው የተሠራ እግር ምን ይረባዋል?

ሻርማና የአጥንት ሐኪሙ ዶክተር ፕራሞድ ካራን ሴቲ በ1968 እ.ኤ.አ. ያበጁት እግር ውስጡ ስፖንጅ ጎማና እንጨት ነው፤ ላዩ እንደሚታደስ የመኪና ጎማ በሙቀት በበሰለ ላስቲክ ይሸፈናል። መልኩ የሰው እግር ነው፤ በየአቅጣጫው ይተጣጠፋል፤ ውኃም አይበግረውም። ዛፍ ሳይቀር ይወጡበታል።

ሴቲ በ1981 የራሞን ማግሳይሳይን ሽልማት ተቀበሉ። ይገባቸዋል፤ የባለሙያውንም ስም አልሸሸጉም። ስለዚሁ እግር በ1978 በታተመው የሕክምና ጽሑፍ ላይ ሻርማ ከአራቱ ጸሐፊዎች አንዱ ነው፤ አራተኛው። የእጅ ሙያተኛ «ቀጥቃጭ»፣ «ፋቂ» እየተባለ ሲናቅ በኖረበት አገር ላደግሁት ለእኔ ያቺ የመጨረሻዋ ስም ቀድማ ትታየኛለች።

በዚያው በ1981 ሱዳ ቻንድራን የተባለች ወጣት የባራታናትያም ተወዛዋዥ በመኪና አደጋ አንድ እግሯን አጣች። በ1984 በጃይፑር እግር ቆማ ወደ መድረክ ተመለሰች። ባራታናትያም የሚጨፈረው በባዶ እግር ነው።