ስለ ናግራን ሰማዕታት ደስታ

በኢትዮጵያ ስንክሳር ኅዳር 26 ቀን ከሚታሰቡት ቅዱሳን መካከል የናግራን ሰማዕታት ይገኛሉ። ናግራን ዛሬ በሳዑዲ ዓረቢያ ደቡብ፥ በየመን ወሰን አጠገብ ያለች፥ በጥንት ዘመንም የነጋድያን መንገድ የሚያልፍባት ባለጸጋ ከተማ ናት። ክርስቲያኖቿ የተገደሉት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ523 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ነገር የተጻፉት መጻሕፍት ሰማዕታቱ ወደ ሞት የሄዱት በደስታ እንደ ነበረ ይመሰክራሉ። ይህ ደስታ ሞትን ከመውደድ የተወለደ ነውን ወይስ ከሌላ ነገር? የታሪኩ ፍሬ ነገር ያለው በዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው።

የስደቱ ምክንያት ሃይማኖት ብቻ አልነበረም። ቀደም ሲል የአክሱም ሠራዊት ባሕር ተሻግሮ በሒምያር አገር ክርስቲያን ንጉሥ አንግሦ ነበር። ይህ ንጉሥ ሲሞት የአይሁድን ሃይማኖት የሚከተል ዩሱፍ የሚባል ሰው መንግሥቱን ያዘ፤ ዓረቦች ዙ ኑዋስ፥ የግዕዝ መጻሕፍትም ፊንሐስ ይሉታል። እርሱም በዘፋር የነበሩትን የአክሱም ወታደሮች አጠፋ፤ ክርስቲያኖቹንም የጠላቱ ወገን አድርጎ ተመለከታቸው። የጦር አለቃው ሸራሕኢል ያቅቡል ከናግራን በስተ ሰሜን በሒማ ዓለት ላይ ያስቀረጸው ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይታያል። የተቀረጸውም በሒምያር አቈጣጠር በ633 ዓመት ሲሆን፥ በዘመቻው ሁሉ 12,500 ሰዎች እንደ ተገደሉና 11,000 እንደ ተማረኩ ይቈጥራል። የምርኮ ከብቱን ሳይቀር ይዘረዝራል፤ ስለ ሟቾቹ ልብ ግን አንዳች አይናገርም።

የሟቾቹን ልብ የሚተርከው የቤተ አርሻም ኤጲስ ቆጶስ ስምዖን በ524 ዓ.ም. በሱርስት ቋንቋ የጻፈው ደብዳቤ ነው። ስምዖን በሂራ ንጉሥ በሙንዚር ሰፈር ሳለ ዙ ኑዋስ የላከው ደብዳቤ ሲነበብ እንደ ሰማ ይናገራል። በትረካው መሠረት የናግራን ሰዎች ከተማቸውን የከፈቱት ንጉሡ ክፉ እንዳያደርግባቸው በመሐላ ቃል ስለ ገባላቸው ነው፤ እርሱ ግን መሐላውን አፍርሶ ሃይማኖታቸውን እንዲክዱ አዘዘ።

ከተያዙት መካከል የከተማይቱ ሽማግሌ ሐሪስ፥ በግዕዝ ሒሩት የሚባለው፥ ነበረ። እርሱ በንጉሡ ፊት አስቀድሞ የተናገረው ደስታን ሳይሆን ጸጸትን ነው፤ ወጥተን እንዋጋ ብሎ መክሮ ወገኖቹ ምክሩን አለመስማታቸው ያሳዝነው ነበርና። ከዚህ በኋላ ግን ረጅም ዕድሜ እንደ ኖረ፥ ልጆችንና የልጅ ልጆችን እንዳየ፥ አሁንም በክርስቶስ ስም ስለሚሞት ደስ እንደሚለው ገለጠ። በወራቱ የተገረዘ ወይን ፍሬውን እንደሚያበዛ ሁሉ፥ የከተማይቱም ክርስቲያኖች ከተቈረጡ በኋላ እንደሚበዙ ተናገረ። ከእርሱም ጋር 340 መኳንንት እንደ ሞቱ ይተረካል።

ሩሕም የተባለችው ወይዘሮ ታሪክ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ይደንቃል። ከቤቷ ውጭ ፊቷን ማንም አይቶት የማያውቅ ይህች ባለጸጋ ሴት ራሷን ሳትሸፍን በቀን ብርሃን በሕዝብ መካከል ቆመች። ክርስቲያኖቹን፥ አይሁዶቹንና አረማውያኑን ሴቶች ጠርታ፥ ለሴት ከሠርጓ ቀኖች የሚበልጥ ደስታ እንደሌለ፥ ከዚያ በኋላ ያለው የምጥና የኀዘን ዘመን እንደ ሆነ አሳሰበቻቸው፤ ያ ቀን ግን ለእርሷ እንደ ሠርጓ ቀን እንደ ሆነላት ነገረቻቸው። ልጆቿ በፊቷ ከተገደሉ በኋላ እርሷም ተገደለች።

እንግዲህ የደስታው ቃል የተወሰደው ከከተማይቱ ኑሮ ነው። ሽማግሌው በወይኑና በልጅ ልጆቹ፥ ወይዘሮዋ በሠርጓ ተናገሩ። ሕይወትን የሚንቅ ሰው የሠርግን ደስታ ምሳሌ አያደርግም፤ መዋጋትን የመረጠ ሽማግሌም ሞትን ፈላጊ አይባልም። ደስታው የመጣው መሐላ ፈርሶ፥ ምርጫው በክህደትና በሞት መካከል ብቻ በቀረ ጊዜ ነው፤ ደስ ያሰኛቸውም መከራው ሳይሆን በመከራው ውስጥ ሳይክዱ መገኘታቸው ነው።

በእርግጥ ስምዖን የጻፈው የሩቅ አገር ክርስቲያኖችን ለማነሣሣት ስለ ሆነ ትረካውን አስጊጦት ይሆናል። ሆኖም ውዳሴን ብቻ የሚሻ ጸሐፊ የሐሪስን ጸጸት ባልጻፈ ነበር።

ወሬው በተሰማ ጊዜ አፄ ካሌብ በ525 ዓ.ም. ባሕሩን ተሻግሮ ዙ ኑዋስን ድል አደረገ። ሰማዕታቱ ራሳቸው በቀልን ሳይሆን የሕዝባቸውን መብዛት ተስፋ አድርገው ሞቱ፤ የሞታቸው ወሬ ግን የጦር ነጋሪት ሆነ። ካሌብ ከድሉ በኋላ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ እንደ መነኰሰ የኢትዮጵያ ትውፊት ይተርካል። ትውፊቱም ስለ ናግራን ደም የዘመተውን ንጉሥ በመጨረሻው ከዙፋኑ አውርዶ፥ ሰማዕታቱ ሁሉን ትተው ወዳገኙት ደስታ ያቀርበዋል።