የኩላንት ማጠራቀሚያ

የኩላንት ማጠራቀሚያ በመኪና ኮፈን ሥር ከራዲያተሩ አጠገብ የሚገኝና ብዙውን ጊዜ ብርሃን ከሚያሳልፍ ፕላስቲክ የሚሠራ ዕቃ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ከራዲያተሩ የሚተርፈውን ፈሳሽ ይቀበላል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ መልሶ ይሰጣል። ማጠራቀሚያው ራሱ ሞተሩን አያቀዘቅዝም። ሥራው ራዲያተሩ ምንጊዜም ሙሉና አየር የሌለበት እንዲሆን ማድረግ ነው።

የማቀዝቀዣው ዑደት

በሞተር ውስጥ ከሚቃጠለው ነዳጅ ጉልበት ጎማ ለማዞር የሚውለው ከፊሉ ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ይሆናል። የዚህ ሙቀት አንዱ ክፍል በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ሌላውን ክፍል ኩላንት ተሸክሞ ያወጣዋል። ኩላንት ማለት ውሃ፣ ኤቲሊን ግላይኮል የተባለ ኬሚካል እና ዝገት የሚከላከሉ ቅመሞች የተቀላቀሉበት ፈሳሽ ነው። ፈሳሹን በሞተሩ ውስጥ የሚያዞረው የውሃ ፓምፕ ነው። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ቴርሞስታት የተባለ ቫልቭ ፈሳሹ ወደ ራዲያተር እንዳይዞር ያግዳል፤ ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ መከፈት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ትኩሱ ፈሳሽ በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ሲያልፍ ሙቀቱን ለአየር ይለቃል።

የራዲያተር ክዳን

ማጠራቀሚያውንና ራዲያተሩን የሚያገናኘው ክዳኑ ነው። በክዳኑ ውስጥ ሁለት ቫልቮች አሉ።

የመጀመሪያው የግፊት ቫልቭ ነው። ውሃ ከ20 ወደ 95 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ በ4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። 6 ሊትር ውሃ ከሆነ ጭማሪው ሩብ ሊትር ያህል ነው። ይህ ፈሳሽ መሄጃ ስለሚያጣ ግፊቱ ይጨምራል። ግፊቱ ከውጭው አየር በ1 ባር ገደማ ሲበልጥ በክዳኑ ያለው ሞላ ይሸነፍና ቫልቩ ይከፈታል፤ ትርፉም በቀጭን ቱቦ ወደ ማጠራቀሚያው ይሄዳል።

ሁለተኛው የመመለሻ ቫልቭ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ፈሳሹ ስለሚኮማተር በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያንሳል። ይህኛው ቫልቭ ሲከፈት የውጭው አየር ግፊት ፈሳሹን ከማጠራቀሚያው ወደ ራዲያተሩ ይገፋዋል። የቱቦው ጫፍ እስከ ማጠራቀሚያው ታች የሚደርሰው በፈሳሹ ፋንታ አየር እንዳይመጠጥ ነው።

ግፊቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ ፈሳሹ የሚፈላበትን ሙቀት ከፍ ያደርጋል። ከባሕር ወለል በ2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሞተር የሥራ ሙቀት ከ90 ዲግሪ ስለሚያልፍ፣ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ውሃው በተለመደው ጉዞ እንኳ ሊፈላ ይችላል። 1 ባር የሚይዝ ክዳን ሲኖር ግን የመፍያው ሙቀት በዚያው ከፍታ ወደ 116 ዲግሪ ይደርሳል።

ዓይነቶች

ሁለት ዓይነት ማጠራቀሚያዎች አሉ። የመጀመሪያው ግፊት የማይይዘው ሲሆን፣ ግፊት የሚቆጣጠረው ክዳን በራዲያተሩ ላይ ይገኛል። ብዙዎቹ የቀድሞ ቶዮታ ኮሮላዎች እንዲህ ናቸው። ሁለተኛው ራሱ የግፊቱ ዑደት አካል ሲሆን ክዳኑም በማጠራቀሚያው ላይ ይገኛል። ለዚህ ቮልስዋገን ጎልፍ ምሳሌ ነው። በሁለተኛው ዓይነት ከላይ ያለው ባዶ ቦታ ለሚጨምረው ፈሳሽ መተንፈሻ ይሆናል፤ በዑደቱ ውስጥ የተገኘ አየርም እዚያ ከፈሳሹ ይለያል።

የብልሽት ምልክቶች

በመጀመሪያው ዓይነት ማጠራቀሚያው ሙሉ መሆኑ ብቻውን ራዲያተሩ ሙሉ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ወይም ቀጭኑ ቱቦ ከተሰነጠቀ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በፈሳሹ ፋንታ አየር ይገባል። ፈሳሹ በየጉዞው ይወጣል እንጂ አይመለስም። ስለዚህ ማጠራቀሚያው እየሞላ ራዲያተሩ ይጎድላል። ጉድለቱ ሲብስ የሙቀት መለኪያው ከፈሳሽ ውጭ ሊቀርና ሞተሩ እየጋለ ዝቅ ያለ ሙቀት ሊያሳይ ይችላል።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ፦

* የመመለሻው ቫልቭ ከተጣበቀ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ወደ ራዲያተር የሚሄደው ወፍራም የጎማ ቱቦ ተጨምቆ ይገኛል።
* የማጠራቀሚያው ፈሳሽ በተደጋጋሚ የሚጎድል ከሆነ በአንድ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው።
* ሞተሩ እየሠራ በማጠራቀሚያው ውስጥ ያለማቋረጥ አረፋ መታየቱ የተቃጠለ ጋዝ በቴስታታው ማሸጊያ በኩል ሾልኮ መግባቱን ሊያመለክት ይችላል።

ጥንቃቄ

የፈሳሹ ልክ የሚታየው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ነው፤ በማጠራቀሚያው ላይ ባሉት የዝቅተኛና የከፍተኛ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። ሞተሩ ትኩስ ሳለ የራዲያተሩን ወይም ግፊት የሚይዘውን ማጠራቀሚያ ክዳን መክፈት አደገኛ ነው። ግፊቱ በድንገት ሲወርድ ከመፍያው ሙቀት በላይ የነበረው ፈሳሽ ወዲያው ወደ እንፋሎት እየተቀየረ ይፈነዳል፤ ፊትንና እጅንም ክፉኛ ያቃጥላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በድንገት መጨመርም ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ ጣዕም ያለው መርዝ በመሆኑ፣ የተቀዳ ኩላንት ሕፃናትና እንስሳት በማይደርሱበት ቦታ መቀመጥ ይኖርበታል።