ከአጋሰስ እስከ ሞተር፦ ጭነት በአገው ምድር

የአገው ምድር ጭነት ለዘመናት የተጓዘው በሰውና በአጋሰስ ጀርባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ፣ አገዎች ሺህም ሺህ አምስት መቶም እየሆኑ በየተራ ከብት፣ ማር፣ ቅቤ፣ ስንዴ፣ ቆዳና ሰም ወደ ከተማዪቱ ያመጡ እንደነበር ጽፏል። ቅቤው በረጅሙ መንገድ እንዳይበላሽ የመቅመቆ ሥር ወቅጠው ይቀላቅሉበት ነበር። ለቅቤው መላ የተፈለገውን ያህል ለተሸካሚው ጀርባም መላ ያስፈልግ ነበር።

ዋናው መላ ደልዳል ነው። ከጭነቱ ሥር የሚነጠፈው ይህ ወፍራም ንጣፍ፣ ክብደቱ አከርካሪውን ትቶ በግራና ቀኝ ጎድን ላይ እንዲያርፍ ያደርጋል። ጭነቱ ለሁለት እኩል ተከፍሎ በጠፍር መጫኛ ይታሰራል፤ አንዱ ወገን ከከበደ ዳገት ላይ ይዞራል። ቁልቁለት ላይ ወደ አንገት እንዳይንሸራተት ደግሞ በጭራው ሥር የሚያልፍ ማሰሪያ ይይዘዋል። ደልዳሉ በአንድ በኩል ከሳሳ ቆዳው ይላጣል፣ በቅሎዋም ገጣባ ትሆናለች። ገጣባ በቅሎ እስክትሽር ለነጋዴው ኪሳራ ናት።

እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የብሪታኒያ ቆንስል የነበረው ሜጀር ሮበርት ቺዝማን ጣናንና የዓባይን ሸለቆ ያጠናው በዚሁ በበቅሎ ጉዞ ነው፤ ያየውንም በ1936 በመጽሐፍ አሳትሟል። ፈረሱ ግን በአዊ አገዎች ዘንድ የተለየ ማዕረግ አለው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የዓድዋን ፈረሰኞች ያስባል። በበዓሉ ያጌጠ ፈረስ ጆንያ ተጭኖ አይታይም፤ ጋሪ የሚጎትተው ወንድሙ ሌላ ዕጣ የደረሰው ነው።

ጀርባን መናቅ ምን እንደሚያስከፍል በ1933 ዓ.ም. ታይቷል። ጣሊያንን ለመውጋት ከሱዳን በበላያ ተራራ በኩል ወደ እንጅባራ የዘለቀው የብሪታኒያዊው መኮንን የዊንጌት ጦር ስንቅና ጥይቱን የጫነው በሺዎች በሚቆጠሩ ግመሎች ላይ ነበር። ቆላ የለመደው ግመል የደጋውን ብርድ፣ ድንጋያማውን አቀበትና ከአቅም በላይ የሆነውን ጭነት አልቻለም፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም በየመንገዱ አለቀ።

በጣሊያን ዘመን የወታደር ሰፈሮቹን ዳንግላን፣ እንጅባራንና ቡሬን የመኪና መንገድ አገናኛቸው። ከዋናው መንገድ ወጣ ባሉት ቀበሌዎች ግን አህያና በቅሎ ሥራቸውን አልለቀቁም፤ ሞተር ሳይክል የተቀላቀላቸው ብዙ ቆይቶ ነው። በመጀመሪያ የመንግሥትና የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች መጓጓዣ ነበር። ከነዚህ ሞተሮች መካከል ያማሃ ኤ.ጂ. 100 ለእርሻ ሥራ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ ከፊትም ከኋላም የራሱ የዕቃ ማስቀመጫ ነበረው። በኋላ የመጡት ርካሽ የህንድ ሞተሮች ግን በዋናነት ሰው ለመያዝ የተሠሩ ናቸው። በእነዚህ ላይ ድንች በጆንያ ሲጫን የሚጎዳው ከመቀመጫው ሥር ወደ ኋላ የተዘረጋው የሻንሲ ጭራ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከኋላ ጎማው አልፎ የተቀመጠ ጭነት ሻንሲውን እንደ ጉልበት ማንሻ ይጫነዋል፤ ኮረኮንች ላይ ሞተሩ በዘለለ ቁጥር ብረቱ ይታጠፋል፣ ይመለሳል። ስንጥቁ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው አሞርዛተሩ ከተያዘበት ብየዳ አጠገብ ነው። ቀለሙ በቀጭን መስመር ይሰነጠቃል፣ ዝገትም ይወጣበታል፤ ጭቃው ካልታጠበ አይታይም።

ብልህ በያጅ በስንጥቁ ላይ ብየዳ ብቻ አይደራርብም። መጀመሪያ ባትሪውን ይነቅላል፤ ስንጥቁ ከሚያልቅበት ቦታ ላይ እንዳይቀጥል ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል፤ ከዚያ ሞልቶ በይዶ በማዕዘኑ ሦስት ማዕዘን ላሜራ ይደግፍበታል። የዕቃ ማስቀመጫውን ጫፍ ደግሞ በቱቦ ወደ ታችና ወደ ፊት ጎትቶ፣ የኋላ ተሳፋሪ እግር ከሚያርፍበት አካባቢ ካለው ጠንካራ ብረት ጋር ያያይዘዋል። ደጋፊውን ጎማውን በያዘው ተንቀሳቃሽ ሹካ ላይ የሚበይድ ሰው አሞርዛተሩን ከሥራ ውጭ ያደርገዋል። ከመጠን በላይ ወፍራም ብረትም አይመከርም፤ ስንጥቁ ድጋፉ ካለቀበት ቀጥሎ ወዳለው ስስ ብረት ይዛወራል።

ከብየዳው ቀጥሎ ያለው የአጫጫን ጉዳይ ነው። ከባዱ ዕቃ ወደ መቀመጫው ተጠግቶ፣ ከፍ ሳይል፣ ግራና ቀኝ እኩል ተከፍሎ በላስቲክ ይታሰራል። ሻንሲው ቢጠናከርም አሞርዛተሩ፣ ቸርኬውና ፍሬኑ የተሠሩት ለቀድሞው ክብደት ነው።